«ብርቱ ሴት አትበይኝ»

ጤና ይስጥልኝ። ከኋላዬ የሚሰማችሁ ጩኸት የቆርቆሮ ላይ ዝናብ ነው። ወሩ ሐምሌ፣ ከተማው ደሴ ነው፤ እስኪያባራ ልጠብቅ ብል ይህን ዝግጅት የምትሰሙት መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ ከነዝናቡ ታገሡኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥሩ የጻፍኩ መስሎኝም ነበር።

ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የምታሠለጥን ጓደኛ አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደወለችና «የምረቃ መድረካችንን ምሪልን» አለችኝ። እሺ አልኩ። «የክብር እንግዳዋንም አንቺ ታስተዋውቂያለሽ» አለች። እሺ አልኩ። የክብር እንግዳ ሲባል ወትሮ የምናውቀው ባለሥልጣን ነው፤ አርፍዶ ይመጣል፣ ከወረቀት ያነባል፣ ምሳ ሳይበላ ይሄዳል። የዘንድሮዋ ግን ከሃያ ዓመት በፊት ከዚያው ኮሌጅ የተመረቀች፣ አሁን የራሷን ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት በማሽን እየዞረ የሚላጥበትን ሥራ ቤት፣ የምታስተዳድር ሴት እንደሆነች ጓደኛዬ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። በዚያው ማታ ቁጭ ብዬ ማስተዋወቂያውን ጻፍኩ። ሴትዮዋን ገና አላየኋትም፤ ግን ጻፍኩ።

ምን ብዬ? «እንቅፋት ያልበገራት፣ ለብዙዎች ተምሳሌት የሆነች፣ የሴቶች ኩራት፣ ብርቱ እና ጠንካራ…» እያልኩ እስከ ገጹ መጨረሻ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለመጻፍ ሰውየውን ማወቅ አያስፈልግም። ማወቅ እንዲያውም ሥራ ያጓትታል።

ቅዳሜ ዕለት ላነብላት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ግን ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ቁልቁል ትጥላለች። ደሴ ላይ ሹራብ ደርበህ ትሳፈራለህ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ በጉም ውስጥ ትወርዳለህ፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቡ ክንድህ ላይ ነው።

ቶርኖ ቤቱ አንድ ሰፊ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ወለሉ በዘይት ጠቁሯል። እትዬ (ሠራተኞቿ የሚጠሯት እንዲህ ነው፣ እኔም እንደዚያው ልጥራት) ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ማሽኑ ፊት ቆማለች። አጠገቧ አንድ ገበሬ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ብረት ታቅፎ ተቀምጧል። ልጅ የታቀፈ ነው የሚመስለው። የወፍጮ ዘንግ ነበር።

ወረቀቴን አውጥቼ አነበብኩላት። እሷ በካሊፐር፣ የብረት ውፍረት በሚለካበት መሣሪያ፣ እየለካች ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና አለች።

«ጨረስሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስለ ማን ነው?»

ገበሬው ሳቀ። እኔም ልሳቅ ብዬ ሳላደርገው ቀረሁ።

«ይሄ ለሟችም ይሆናል፣ ልጄ» አለችኝ፤ ክፋት የለባትም። «ብርቱ ሴት አትበይኝ። ብርቱማ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ጭድ ተሸክማ የምትመጣዋም ብርቱ ናት። እኔ ዘንግ ነው የምሠራው። ዘንጉን ተናገሪ።»

ዘንጉን ለመናገር ደግሞ ዘንጉን ማወቅ ነበረብኝ። ስለዚህ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተቀምጫለሁ።

የወፍጮ ዘንግ የሚያረጀው ኩሽኔታው፣ ዘንጉ እንዲሽከረከር ይዞት የሚኖረው የብረት ቀለበት፣ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ኩሽኔታው ሲደርቅ ወይም ሲላላ ዘንጉን እየላገ ያቀጥነዋል፤ ያኔ ድንጋዩ ይንቀጠቀጣል፣ ዱቄቱ ይሻክራል፣ በመጨረሻም ወፍጮው ይቆማል። እትዬ የተበላውን ቦታ በብየዳ ትሞላዋለች። አንድ መስመር ከዚህ በኩል ከበየደች ቀጣዩን ከተቃራኒው ታደርጋለች፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተሄደ ሙቀቱ ዘንጉን ያጎብጠዋል። ከዚያ ውሃ አይነካውም፤ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የጎደጎደ፣ የጓጎለ፣ አስቀያሚ ነገር ነው። ቶርኖው ላይ ታስረዋለች፣ ማሽኑ ያዞረዋል፣ ስለቱ እየላጠ ይሄዳል፤ የብረቱ ልጣጭ እንደ ፀጉር ጥቅል እየተጠማዘዘ ይወድቃል። መጨረሻ ላይ የምትቀንሰው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው።

«ሰው ፀጉር ቀጭን ነው ይላል» አለችኝ ዓይኗን ከማይክሮሜትሩ፣ ከካሊፐር ከሚረቅቀው መለኪያዋ፣ ሳትነቅል። «እዚህ ቤት ፀጉር ወፍራም ነው።»

ዘንጉ ጥቂት ከወፈረ ኩሽኔታው ሲገባ ይሰነጠቃል፤ ጥቂት ከቀጠነ ደግሞ ዘንጉ ኩሽኔታው ውስጥ ይንሸራተትና ከወር በኋላ ገበሬው ከረጢቱን ታቅፎ ይመለሳል። ልኩ ሲገኝ ኩሽኔታው ትኩስ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ያኔ ያለ መዶሻ ሸርተት ብሎ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ነክሶ ይይዛል። ይህን በዓይኔ አየሁ፤ ገበሬውም አየ። ሁለታችንም «እሰይ» አልን።

በነገራችን ላይ የዚህ ቤት ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ቶርኖ፣ ሞርሳ (ብረት ነክሶ የሚይዘው)፣ ትራፓኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ። ጣሊያን ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስቷቸው ሄደ፤ እኛም ሳንመልስለት ቀረን።

ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወረቀቴ ባዶ የሆነው ስለ ቸኮልኩ ብቻ ነው? አይመስለኝም። ስለ እጅ ሥራ ለመናገር ቃል ያጠረን፣ ስንንቀው ስለኖርን ነው። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን ብዙ ዘመን አሳልፈናል። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ቢብስባቸው ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡ ጠባዩን አሳምሮ ቀጠለ፤ ዛሬ «ነጥብ ስላልመጣለት ቴክኒክ ገባ» ይባላል።

እኔም ብያለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከአሥረኛ ክፍል ፈተና በኋላ ለኤሌክትሪክ ሲመደብ፣ እናታችን ለጎረቤት «ለጊዜው ነው» ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ ስጠየቅ «ኮሌጅ ገብቷል» ብዬ ወሬ እቀይር ነበር። የትኛው ኮሌጅ፣ ምን ሊማር የሚለውን እዘለዋለሁ። ዛሬ የቤታችን መብራት በጠፋ ቁጥር የምደውለው ለማን እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ሳቀች። እዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባል የሁለት ዓመት ትምህርት ቤት አለ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገረውንም ሙያ የሚማረውንም በአንድ ግቢ ይይዛል፤ እስካሁን ካሉት የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አንጋፋው በ1901 በኢሊኖይ ጆሊየት ከተማ ተጀመረ አለችኝ፤ ቁጥሩ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እዚያም «ያልሆነለት የሚገባበት» ብሎ የሚያፌዝ አይጠፋም አለችኝ። ግን በእሷ ሰፈር ባለው በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጂል ባይደን፣ ባላቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ፣ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ከዋይት ሀውስ ወጥተው የተማሪ ድርሰት ሲያርሙ አስቡት።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ማስተዋወቂያዬን ወደ አምስት ዓረፍተ ነገር አሳጥሬዋለሁ። «ተምሳሌት» የሚል ቃል የለበትም። ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ምን እንደምትሠራ፣ የተበላ ዘንግ እንዴት እንደሚሞላ፣ በመቶኛ ሚሊ ሜትር እንደምትለካ፣ ስንት ልጆች በእጇ ሙያ እንደለመዱ። «የወፍጮ ዘንግ» ስል ከወላጆች ረድፍ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን አጨበጨቡ። ሌላው ሰው ተከተላቸው። በመድረክ መሪነት ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ፤ በዓረፍተ ነገር መሃል ሲጨበጨብ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የእትዬ ንግግር ስምንት ደቂቃ አልሞላም። ወረቀት አልያዘችም። ለተመራቂዎቹ የነገረቻቸው ስለ መጀመሪያ ስህተቷ ነው፤ በተቀጠረች በአራተኛው ወር የደንበኛ ዘንግ ከልኩ አሳንሳ ቆርጣ፣ ደመወዟ ለአዲስ ብረት መግዣ ሄደ። «ብረት የወፈረ እንደሆነ ትቀንሱታላችሁ፤ የቀነሰ እንደሆነ ግን ተልጦ የወደቀው ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ ሁለቴ ለኩ። እኔ ያን ቀን የለካሁት አንዴ ነበር።» ከዚያ ስለ 2014 ዓ.ም. ተናገረች። ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ቤቷን ዘግታ ሸሸች፤ ኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ከተለቀቁ በኋላ ስትመለስ በሩ ተገንጥሏል። ቶርኖው ከአንድ ቶን በላይ ስለሚመዝን የሚያነሳው አልተገኘም፤ ሞተሩ ግን ተነቅሏል፣ መለኪያዎቿ በሙሉ የሉም። «ሞርሳዋና አንድ ሞረድ ተርፈው ነበር። በእነሱ ጀመርን» አለች፤ ከዚያ በላይ አልጨመረችም። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እዚያ ከተቀመጠው ሰው ስንቱ የራሱን በር እያስታወሰ እንደነበር እንጃ።

ቀጥሎ በከፍተኛ ነጥብ የዋንጫ ተሸላሚ የሆነችው ተመራቂ ተጠራች። እዚህ ላይ ብልህ ሆኜ ነበር፤ ጠዋት ጋውን ስትለብስ አግኝቻት «ምን ትሠሪያለሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ገና ተማሪ ናት። ትምህርቷን አቋርጣ ከልብስ ፋብሪካዎቹ በአንዱ የስፌት ሠራተኛ ሆነች። ማሽኗ ስፌት ሲዘል ወይም ክር ሲበጥስ እጇን ታነሳለች፤ ጠጋኙ እስኪመጣ ትጠብቃለች፤ በዚያ መሃል የቀኑ ኮታ ያመልጣታል። ጠጋኞቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ። አንድ ቀን ጠጋኙ ምን እንደሚያደርግ ጎንበስ ብላ አየች። መርፌው ወርዶ ትንሽ ቀና ሲል፣ ላይኛው ክር ቀለበት ይሠራል፤ ከሥር ያለው መንጠቆ ልክ በዚያች ቅጽበት ደርሶ ክሩን መያዝ አለበት። ቀደም ካለ ወይም ከዘገየ ስፌቱ ይዘላል። «ነገሩ የሰዓት ነው፣ ለካ!» ብላ እንደገረማት ነገረችኝ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ከሚያስችለው ዕድል፣ የተሰረዘችው በ2014 ታኅሣሥ ነው፤ ጦርነቱም ገና ከከተማው መውጣቱ ነበር። ሥራዋን አጣች። ያኔ የማታ ትምህርት ተመዘገበች፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፣ ኮሌጁ ገብታ የማሽን ጥገና ተማረች። በኮሌጆቻችን ከሥልጠናው ሰባ በመቶው በተግባር እንዲሆን ይባላል፤ እሷ ለትብብር ሥልጠና፣ ማለትም በሥራ ቦታ ለሚሰጠው ሥልጠና፣ የተላከችው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ የስፌት ማሽን ወደሞላበት አዳራሽ ነው። አሁን እጃቸውን ለሚያነሱት ልጆች የምትመጣላቸው እሷ ናት።

ይህንንም በመድረኩ ላይ እንዳለ ተናገርኩት። «ከፍተኛ ነጥብ» የሚለውን አልተውኩም፤ እሱም ይገባታል።

ከዚያ ምርቃት። የወሎ ምርቃት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በጅምላ አይመርቅም። ዝናቡን ለብቻ፣ ላሚቱን ለብቻ፣ ጥጃዋን ለብቻ፣ ጎተራውን ለብቻ ይመርቃል። ቅድም ብቻቸውን ያጨበጨቡት ሽማግሌ ናቸው የተነሡት። እጃቸውን ዘረጉ። «እጃችሁ አይዛል!» አሚን፣ አሜን። «መዶሻችሁ አይሳት!» አሜን። «መርፌያችሁ አይሰበር!» አሚን። «ሽቦ አይያዛችሁ!» አሜን። «የሠራችሁበትን አይከልክሏችሁ!» እዚህ ላይ አሚኑ ጣራ ነካ። «መብራት አይጥፋባችሁ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ማስታወሻዬ ላይ እየጻፍኩ ነበር፤ ሰውየው እኔ ሁለት ሰዓት ተኩል በርጩማ ላይ ተቀምጬ የተማርኩትን ከአባታቸው ወርሰውታል።

ፎቶ ሲጀመር እትዬ ጠፋች። ወጥቼ ፈለግኳት፤ በር ላይ ባጃጅ እየጠራች ነው። «ምሳ አለ፣ እትዬ» አልኳት። «ዘይት ጥጄ ነው የመጣሁት፣ ኩሽኔታ የሚጠብቅ ሰው አለ» አለችኝ። ተሸላሚዋ ከኋላዬ እየሮጠች ደረሰች። «ቶርኖውን ላየው እችላለሁ?» አለቻት፤ ሰላምታም አልቀደመ። እትዬ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ጋውንሽ ዘይት ይነካዋል» አለች። ልጅቷ ግን ባጃጁ ውስጥ ገብታለች። እኔም ገባሁ፣ ማን ጠርቶኝ እንደሆነ እንጃ።

«እባክሽ ይህን ያዢልኝ» ብላ ዋንጫውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱ እስክንደርስ ድረስ ስለ መንጠቆ ዘንግ ውፍረት አወሩ፤ አንዳቸውም ወደ እኔ አልዞሩም። ስንደርስ ልጅቷ የጋውኑን እጅጌ እስከ ክንዷ ጠቀለለች፣ እትዬ ካሊፐሩን ሰጠቻት፣ እኔ ዋንጫውን የማኖርበት ደረቅ ቦታ ፈልጌ ስላጣሁ ከዘይቱ ጣሳ አጠገብ አስቀመጥኩት።