የቻርጀሩ ገመድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ልቤ ላይ የቆየ ነገር ስላለ እሱን ላውራችሁ።

ላፕቶፑን የገዛሁት በእቁብ ብር ነው። አሥራ አራት ወር ጥዬ ሲደርሰኝ በማግስቱ ገዛሁት። በአራተኛው ቀን ለገና እናቴ ጋ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። 130 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ጭኔ ላይ እንዳቀፍኩት ነው የደረስኩት።

የገና ሰሞን የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ማታ ከሰሉን ከበን ተቀምጠናል፣ እኔ ቻርጀሩን ሰክቼ እየሠራሁ ነው። የእህቴ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሻይ ይዛልኝ ስትመጣ ገመዱ እግሯን ጠለፋት። ሻዩ እንዳለ ኪቦርዱ ላይ ተገለበጠ።

ጮህኩባት። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ልጅቷ ጓዳ ገባች። ስክሪኑ ጠፍቶ ነበርና እኔ ቶሎ ብዬ ፓወሩን ተጫንኩት። በራ። «ተመስገን» አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሠራና ድርግም አለ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ያኔ ያላወቅሁት ይሄን ነው፦ እቃውን የሚገድለው እርጥበቱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ውሃው ማዕድን አለው፣ ስኳሩ ደግሞ ቦርዱ ላይ፣ ማለትም ከኪቦርዱ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ፣ ተጣብቆ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሾርት ያደርጋል፣ መዳቡንም መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ቻርጀሩን መንቀል፣ ፓወሩን እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ፣ ፈሳሹ እንዲወርድ መድፋት፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት ነበረብኝ። «ይሠራ ይሆን?» ብሎ ማብራት የለም። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው።

ከዚያ ምክሩ ጎረፈ። እማዬ ከሰሉ አጠገብ እናድርቀው አለች፤ ሊቲየም ባትሪን ግን እሳት አጠገብ ማድረግ አደገኛ ነው። ጎረቤት ሩዝ ውስጥ ቅበረው አለኝና ቀበርኩት። ሩዝ ግን እቃው ውስጥ የገባውን ፈሳሽ መጥጦ አያወጣም፣ ይልቅ ብናኙ በቀዳዳው ይገባል። አፕል ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. የረጠበ አይፎን ሩዝ ውስጥ አታስገቡ ብሎ አስጠንቅቋል። ወንድሜ ደግሞ በአረቄ እንጠበው አለ። የአገራችን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፣ ሐሳቡም ከባዶ የመጣ አይደለም። ቴክኒሻኖች ቦርድ የሚያጥቡት በአልኮል ነው። ግን እነሱ የሚመርጡት አይሶፕሮፒል የሚባለውን፣ 99 በመቶ ንጹሕ የሆነውንና ቶሎ የሚተነውን ነው። አረቄ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ።

ከበዓሉ በኋላ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ቴክኒሻኑ ፈትቶ አሳየኝ፤ ቦርዱ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ጀምሯል። «ያን ማታ አጥፍተኸው ቢሆን ኪቦርዱን ብቻ ነበር የምንቀይረው» አለኝ። ዋስትናውም ፈሳሽ የነካውን እቃ አይሸፍንም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ስገዛ አላነበብኩትም። እባካችሁ እናንተ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ያቺን መስመር ፈልጓት።

ይሄን ሁሉ ቀን ታዲያ ቤቱ ውስጥ ወሬው ላፕቶፑ ብቻ ነበር። ልጅቷን ማንም አላነሳት። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነው እማዬ በስልክ «ሻይ አድርሺ ስላት እጇ ይንቀጠቀጣል» ያለችኝ። ይሄን ስሰማ የላፕቶፑ ነገር ከሐሳቤ ጠፋ። አገናኚኝ አልኳት።

ልጅቷ ስልኩን ይዛ ዝም አለች። ቆይታ «ጋሼ፣ ተሠራ?» አለችኝ።

«ገና ነው፣ የኔ እናት» አልኳት። «ግን ገመዱን መተላለፊያው ላይ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አንቺ ሻይ ነበር ያመጣሽልኝ።»

«እግሬን እኮ ጠልፎኝ ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት።