ሴፍቲኔት የሚቆጥረው አፍ ነው፣ ኩንታል አይደለም

ሰላም ሰላም! ቡናችሁን ያዙና ቁጭ በሉ። እኔ ቶና ላይ ነኝ።

ባለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ጥያቄ ስንቴ እንደመጣ አልቆጠርኩትም። «የእኔ 20 ኩንታል ማሽላ ወደመ፣ የጎረቤቴ 3 ኩንታል። እንዴት እሱ ከእኔ በላይ ስንዴ ይወስዳል?» ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፣ ይሄ ጥያቄ ቀኔን በላው።

ሴፍቲኔት ማለት ምግብ ለሚያጥረው የገጠር ቤተሰብ እህል ወይም ብር የሚሰጥበት የመንግሥት ፕሮግራም ነው፣ ካሳ አይደለም። ልድገመው፣ ካሳ አይደለም!

ቅሬን አስቡ። ወሎ ተወልዶ ቅሬ የማያውቅ የለም፣ ሌላ አገር ያላችሁ ዕድር በሉት። ሰው ሲሞት ቅሬው ምን ያደርጋል? ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቶቹ እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፣ ቡናው ይፈላል፣ ሰው ለቅሶ ቤት አብሮ ያመሻል። ሟቹ ባለ አራት በሬ ነበር ወይስ የሰው እረኛ ብሎ ድንኳኑን የሚያሳጥር አለ? የለም! ቅሬ የሞተውን አይመልስም። የቀሩት ያችን ሳምንት እንዲያልፏት ነው። ሴፍቲኔትም እንደዚያው፣ የጠፋውን ማሽላ አይመልስም፣ በቤቱ የቀረውን አፍ ነው የሚያየው። አዎ፣ ቅሬ መዋጮ አለው፣ አስተያየት ላይ አትቆጡኝ። የሴፍቲኔት መዋጮ ጉልበት ነው፣ እርከን መሥራት።

መሠረቱን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በአንድ አባል በወር 5 ቀን ይሠራል፣ እርከን፣ መንገድ፣ ኩሬ። ሥራው በዓመት 6 ወር ነው። ጉልበት የሌለው አረጋዊ ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ይገባል፣ ሳይሠራ ይቀበላል ማለት ነው፣ ነፍሰ ጡር ከሥራው ትወጣና ድጋፏ ይቀጥላል። እህል ሲሆን ስሌቱ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 75 ኪሎ፣ በወረቀት ላይ። መዘግየቱን አታስጀምሩኝ።

ድንገተኛ እርዳታ ሌላ መዝገብ ነው፣ ግን እሱም ቢሆን አፍ ነው የሚቆጥረው። ጥቅምት 2013 አንበጣው ሲመጣ ደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ፣ አጎቴ ጋ ነበርኩ። ጀሪካን ደበደብን፣ ጅራፍ አጮኽን፣ ልጆቹ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። አንበጣው አንዱ ማሳ ላይ ሲነሳ ሌላው ላይ ያርፋል። ማታ ላይ ከማሽላው የቀረው አገዳው ነበር። በኋላ መዝጋቢ መጣና ልጆቹን ቆጠረ። ስለ ማሳው አንድም ጥያቄ የለም። አጎቴ «የማዳበሪያውን ዕዳስ ማን ይቁጠርልኝ?» አለ። እውነቱን ነው። ቅሬን ያህል ነገር አንስቼ ባወራላችሁም፣ እዚህ ላይ እኔም ዛሬ ድረስ እናደዳለሁ።

«ታዲያ መድን ይግባ» የምትሉኝ አላችሁ። ለአነስተኛ ገበሬ የመጣው የዝናብ መድን ማሳህን መጥቶ አያይም፣ የዝናቡን መጠን በሳተላይት አይቶ ነው የሚከፍለው። አንበጣ ደግሞ ዝናብ አይደለም። አብሽር አጎቴ፣ ሌላ ምን እልሃለሁ!

ይልቅ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር በሕዝብ ፊት ይነበባል። ያን ቀን ገበያ አትሂዱ። ስማችሁ ከተዘለለ ወይም ልጅ ከተቀነሰባችሁ እዚያው እጃችሁን አውጡ፣ ካልሰሟችሁ የቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ጋ ሂዱ። ያላችሁን ልጅ ቁጥር እንጂ ያጣችሁትን ኩንታል ይዛችሁ አትሂዱ። ሰብስክራይብም አድርጉ፣ እሱ እንኳ ነፃ ነው።