አንድ ቀን በተቀዳ ውኃ ባሕር አይታወቅም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከጎንደር ባሕር ሩቅ ነው። ሆኖም የውቅያኖስን ባክቴሪያ ለመከታተል የሚሠራበት ዘዴ ጎርጎራ ወርዶ ጣናን ለማጥናትም ያገለግላል።

በላይኛው የውቅያኖስ ውኃ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ እስከ 1 ሚሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ አለ። ጠቅላላ ብዛቱ ብዙ ባይለዋወጥ እንኳ የሚበዙት ይፈራረቃሉ። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጊዜው ናሙና በሚወሰድበት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ባሉት የቤርሙዳ ደሴቶች አካባቢ፣ ሳር 11 የተባለው የባክቴሪያ ቡድን ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፤ በውስጡ ያሉት ንዑሳን ቡድኖች ግን ወቅት ጠብቀው ይተካካሉ። በአውሮፓው የሰሜን ባሕር ደግሞ አልጌ፣ ማለትም ዕፅዋት መሰሉ የውኃ ደቂቅ ሕይወት፣ በጸደይ በብዛት ሲራባና ሲሞት፣ ቅሪቱን የሚበሉት ባክቴሪያዎች በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይቀያየራሉ። በወር አንዴ የሚቀዳ ሰው ይህን ጨርሶ ሊያልፈው ይችላል።

ውኃው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ጥልቀት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይቀዳ። 1 ሊትር ያህሉ ባክቴሪያውን በሚያስቀር ባለ 0.22 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ማጣሪያ ያልፍና ማጣሪያው በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ይቀመጣል። ጠርሙሱ ሳይጣራ ካደረ እንደ አልቴሮሞናስ ያሉ ፈጥነው የሚባዙ ባክቴሪያዎች ይበዙበታል፤ የምታነቡት የጠርሙሱን እንጂ የባሕሩን አይሆንም። በክረምት የጣና ደለል ማጣሪያውን ይደፍነዋል። አስቀድሞ በ3 ማይክሮሜትር ማጣራት ይረዳል፤ ግን ደለል ላይ የተጣበቁት እዚያው ይቀራሉና ሁለቱም ማጣሪያዎች ይመርመሩ።

የትኞቹ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ለመለየት፣ ማጣሪያው ላይ ከቀሩት የተወሰደው ዲኤንኤ ፒሲአር በተባለው የማባዣ ዘዴ ሲባዛ፣ ፕራይመሩን፣ ማለትም ብዜቱ የሚጀምርበትን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ በጥናቱ መሀል አትቀይሩ። በሰፊው ይሠራበት የነበረ አንድ ፕራይመር ሳር 11ን አሳንሶ ያሳይ ነበርና በ2015 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል። መቀየር ግድ ከሆነ የድሮዎቹም ናሙናዎች በአዲሱ ይደገሙ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ግን መቶኛ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው የእያንዳንዱ ቡድን ድርሻ እንጂ ብዛቱ አይደለምና። ሁለት ቡድኖች 100,000፣ 100,000 ሆነው ሳለ አንደኛው ወደ 25,000 ቢወርድ፣ ሌላው አንድ ሕዋስ ሳይጨምር ከ50 ወደ 80 በመቶ ይዘላል። “አደገ” ብሎ መጻፍ ታዲያ ስህተት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ናሙና ጥቂት ሚሊ ሊትር እንዳይበላሽ በፎርማሊን አቆይታችሁ፣ የሚያበራ ቀለም ሰጥታችሁ፣ ያን ብርሃን በሚያሳየው በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሕዋሳቱን ቁጠሩ።

ገንዘቡ ለ36 ናሙና ብቻ ቢበቃ፣ የሳምንታቱ ለውጥ ቢያመልጥም እንኳ፣ 36 ቦታ ከማዳረስ አንድ ቦታ ላይ ለሦስት ዓመት በየወሩ መቅዳት ይሻላል። በአንድ ዓመት ብቻ የታየ ለውጥ የወቅት ይሁን የዚያ ዓመት ዝናብ አይለይም።