ሞገዱ ይሩጥ፣ ጭንቅላቱ ይቁም፦ ሰርፈርን በዘገምተኛ ሹተር ስለማንሳት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በሰሌዳ ሞገድ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችን፣ ሰርፈሮችን፣ ሹተር፣ ማለትም ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን መዝጊያ፣ አዘግይቶ ስለማንሳት ጥቂት ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል፤ አብዛኛው ጥሪ የመጣው ባሕር አጠገብ ከምትኖሩት ነው። ዛሬ አምስቱን ጥያቄዎች እመልሳለሁ።

ከእስራኤል፣ ከነታንያ የደወለች አድማጭ፦ ጋሼ፣ እንዳሉት ሹተሩን 1/30 ሰከንድ ላይ አደረግኩና ካሜራዬን ከሰርፈሩ ጋር እያዞርኩ አነሳሁ። ከ200 ፎቶ አንድም የረባ አልወጣም፣ ሁሉም ጭጋግ ነው። ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የካሜራው?

እህቴ፣ እጅሽም ካሜራሽም ደህና ናቸው። የቸኮልሽው በፍጥነቱ ነው። ከ1/125 ጀምሪ፤ እሱ ሲያምርልሽ ወደ 1/60፣ ከዚያ ወደ 1/30 ውረጂ። 1/15 የሚመጣው ከብዙ ልምምድ በኋላ ነው፤ እዚያ ደርሶም ቢሆን የሚጣለው ፎቶ ከሚቀመጠው እጅግ ይበልጣል።

ይህ አነሳስ ፓኒንግ ይባላል። ካሜራሽ ከሰርፈሩ እኩል ሲዞር የእሱ ምስል ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ አንድ ቦታ ይቆያል፤ ሌላው ሁሉ ይሰመራል። መኪና ቢሆን ቀላል ነበር፣ መንገዱን ይዞ ይሄዳልና። ሰርፈር ግን ከሞገዱ ጫፍ ሲወርድና ታች ደርሶ ሲታጠፍ ሰውነቱ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሄዳል፣ ይዞራልም። ይህን የሚከተል እጅ የለም። ስለዚህ ሲወርድ ዝም ብለሽ ተከተይው፣ አታንሺ። ተረጋግቶ በሞገዱ ፊት ላይ ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምርና ልክ ከፊትሽ ሲያልፍ፣ ያቺን ሁለት ሦስት ሰከንድ ያዢያት።

ዓይንሽን ከሰሌዳው ላይ አንሺና ጭንቅላቱ ላይ አድርጊ። ፎከሱም ደረቱና ጭንቅላቱ አካባቢ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚከተል ይሁን። እጁ፣ ሰሌዳው፣ የውሃው ፍንጣቂ ብዥ ቢሉ የሚያይ ሰው ይወደዋል፤ ጭንቅላቱ ብዥ ካለ ግን ፎቶው ፈርሷል። እኔ ፎቶ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ብቻ ነው።

አቋቋምሽም ይለወጥ። እግርሽን ሰርፈሩ ወደሚደርስበት አቅጣጫ ትከይና ወገብሽን ወደሚነሳበት አዙሪ፤ እሱ ሲመጣ ሰውነትሽ እየተፈታ ይከተለዋል። ክርንሽ ጎንሽ ላይ ይጠጋ። ከመጫንሽ በፊት መከተል ጀምሪ፣ ከተጫንሽም በኋላ ወዲያው አታቁሚ። ሌንስሽ ለፓኒንግ የተለየ የማረጋጊያ ምርጫ ካለው እሱን ተጠቀሚ።

የምትቆሚበትን ቦታም ልንገርሽ። አሸዋው ላይ ስትቆሚ ከሰርፈሩ ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው ሰማይ ነው። ሰማይ ደግሞ መስመር ስለሌለው ካሜራሽ ቢዞርም አይሰመርም፤ ፍጥነቱ አይታይም። እናንተ ዘንድ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ገደል አለ። እዚያ ላይ ወዳለው መናፈሻ ውጪ፤ ከላይ ሲታይ የሰርፈሩ ጀርባ ውሃው ራሱ ነው፣ አረፋው ሁሉ ረጃጅም ነጭ ክር ሆኖ ይሳባል። ርቀቱ ስለሚጨምር ሩቁን የሚያቀርብ፣ 300 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሌንስ ይረዳሻል። ባሕራችሁ በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ብርሃኑ ከኋላሽ መጥቶ ፊቱንና ቀለሙን ያሳይሻል፤ ማታ ፀሐይዋ ከፊትሽ ስትጠልቅ ሰርፈሩ ጥላ ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ያምራሉ፣ ግን የትኛውን ፈልገሽ እንደምትሄጂ ከቤት ስትወጪ እወቂው።

ከሎስ አንጀለስ፦ ሃንቲንግተን ቢች፣ ባሕር ውስጥ የሚገባው ድልድይ አጠገብ ነው የማነሳው። ቀትር ላይ ሹተሩን ሳዘገይ ፎቶው ነጭ ወረቀት ይሆንብኛል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) 16 ላይ ትክክለኛው ሹተር ወደ 1/100 ሰከንድ ነው። አፐርቸሩን እስከ 22 ቢዘጉት 1/50 ይደርሳሉ፣ ከዚያ በኋላ መውረጃ የለም። ከዚያ በታች ሲያዘገዩ ወረቀት የሚሆንብዎ ለዚህ ነው። ደግሞ 22 ላይ መዝጋቱን አልመክርም፤ የምስሉ ጥራት ይላላል፣ ሴንሰሩ ላይ ያለችው አቧራ ሁሉ ነጥብ ነጥብ ሆና ትታያለች።

መፍትሔው ኤንዲ ፊልተር ነው፤ የሌንስ የፀሐይ መነጽር ይበሉት። ኤንዲ 8 የሚባለው ከብርሃኑ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ያሳልፋል። አፐርቸር 11 ላይ 1/200 የነበረው ሹተርዎ 1/25 ይሆናል፤ ለፓኒንግ በቂ ነው። ኤንዲ 64 ደግሞ አፐርቸር 8 ላይ ወደ 1/6 ያወርድዎታል፤ ያ የሚጠቅመው ውሃው እንደ ሐር እንዲሆን ሲፈልጉ ነው። አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ 8ን ይግዙ፤ በጣም ጥቁሩ ሰርፈሩን ለማየትም ለፎከስም ያስቸግራል። ፖላራይዘር የሚባለው ፊልተር ካለዎት እሱም ብርሃን ይቀንሳል፣ የውሃውን ነጸብራቅም ያነሳል፤ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እሱን ይሞክሩ።

አረፋውንም ይጠብቁ። ካሜራው ጠቆር ያለውን ባሕር አይቶ ፎቶውን ያበራል፣ ነጩ አረፋ ይቃጠላል። የተቃጠለ ነጭ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የፎቶውን የብርሃን መጠን፣ ሁለት ሦስተኛ ወይም አንድ ሙሉ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ዝቅ ያድርጉት፤ በሮው፣ ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ያንሱ።

ግን ለእርስዎ ከፊልተር የሚሻል ነገር አለ። በደቡብ ካሊፎርኒያ ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ከባሕር የሚነሳው ዳመና ጠዋት ጠዋት ሰማዩን ይሸፍናል። ጁን ግሉም ይሉታል፣ ሰውም ያማርርበታል። ለዘገምተኛ ሹተር ግን ከዚያ የተሻለ ብርሃን አላውቅም። ዳመናው ከወፈረ ያለ ምንም ፊልተር በአፐርቸር 11 ወደ 1/20 ይወርዳሉ፣ አረፋውም አይቃጠልም። ከድልድዩ ጎን አሸዋው ላይ ይቁሙና ሰርፈሩ በምሰሶዎቹ ፊት ሲያልፍ ይከተሉት፤ የቆሙት ምሰሶዎች ወደ ጎን ተስበው እንደ ጥበብ ጥለት ከጀርባው ይሰለፋሉ።

ከእስራኤል፣ ከአሽዶድ፦ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ይሆናል?

ለፓኒንግ ይቸግራል፣ ለሌላው ግን ይሆናል። ስልኩን ግንብ ላይ ወይም ትራይፖድ ላይ አቁመው፤ ከዚያ ሰሌዳቸው ላይ ተቀምጠው ሞገድ የሚጠብቁትን ሰርፈሮች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንሳ። አይፎን ከሆነ በላይቭ ፎቶ አንሳና በኋላ ሎንግ ኤክስፖዠር የሚለውን ምረጥ፤ ሳምሰንግ ከሆነ ፕሮ የሚለው ውስጥ ሹተሩን ራስህ ታዘገያለህ። ሰዎቹ ራሳቸው ውሃው ላይ ስለሚወዛወዙ ትንሽ ይደበዝዛሉ፤ ይደብዝዙ። ስትመለስ የደረቀ ጨው እንዳይጭረው ስልኩን በደረቅ ጨርቅ አትፈትገው፤ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ አብሰው።

ከሳንዲያጎ፣ አንድ አባት፦ ልጄ ሰርፍ ያደርጋል። እውነቱን ልናገር፣ ፊቱ የማይለይበት ፎቶ ለእኔ ምኔ ነው?

ጥያቄዎ ልክ ነው፣ ላሳምንዎትም አልቸኩልም። መጀመሪያ በ1/1000 ያንሱት። ፊቱ፣ ጥርሱ፣ እያንዳንዷ የውሃ ጠብታ ትወጣለች። ያንን አልበም ውስጥ ያስቀምጡ።

ከዚያ ያንኑ ፎቶ አንዴ በደንብ ይመልከቱት። ውሃው መስታወት መስሎ ቆሟል፤ ጠብታው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ልጅዎ ሞገዱ ላይ ሳለ የሚያየው ይህን አይደለም፣ እርስዎም ከዳር ሆነው ያዩት ይህን አልነበረም። ያያችሁት የሚሮጥ ውሃና በመካከሉ የተረጋጋ ልጅ ነው። 1/30 ይህንን ለማሳየት የተሻለ ዕድል ይሰጥዎታል።

ስለ ፊቱ ደግሞ፣ ልጅዎን ከሩቅ በአረማመዱ ያውቁት የለም? ሰሌዳ ላይም እንዲሁ ነው። ጉልበቱን የሚያጥፍበት፣ የኋላ እጁን የሚጥልበት መንገድ የእሱ ብቻ ነው። እኔ ለብዙ ወላጆች እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሰጥቻለሁ፤ ስም ሳልነግራቸው ልጃቸውን ለይተዋል። ብዥታው የፊቱን ዝርዝር ሲወስድ አቋሙን አጉልቶ ይተወዋል። ካሜራዎ ቅንብር የሚያስቀምጥበት ቦታ ካለው አንዱን ለ1/1000፣ ሌላውን ለ1/30 ያድርጉት፤ አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱንም ይዘው ይመለሳሉ።

ከአዲስ አበባ፣ አንድ ወጣት፦ ባሕር የለንም። ይህን የት ልማረው?

መንገድ ላይ። ብስክሌት ወይም ባጃጅ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል፤ ሳይነሳና ሳይወድቅ ስለሚሄድ እጅህ ማዞርን ይለምዳል። ከዚያ በማለዳ መስቀል አደባባይ ሂድ፤ ሯጭ ጭንቅላቱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ለሰርፈር የሚያስፈልግህ ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ነው። ሰዎቹን ፈቃድ ጠይቅ፤ ፎቶውን እልክላችኋለሁ ካልካቸው ደጋግመው ያልፉልሃል።

ከሁሉ የሚበልጠው አስተማሪ ግን የጉግስ ፈረሰኛ ነው። በጥምቀት ሰሞን ጃንሜዳ ብትገኝ ፈረሱ ሲጋልብ፣ ፈረሰኛው ከኮርቻው ሲነሳና ሲጎነበስ ታያለህ፤ አቧራው እንደ አረፋ ከኋላ ይነሳል፣ ከጀርባ ያለው ሕዝብና ነጭ ልብሱ ፓኒንግ የሚፈልገውን መስመር ሁሉ ይሰጥሃል። በ1/60 ጀምርና የፈረሱን ሳይሆን የፈረሰኛውን ጭንቅላት ተከተል። ማታ ቤት ስትገባ ጭንቅላቱ ጥርት ብሎ የወጣባቸውን ብቻ ቁጠርና ቁጥሩን ጻፈው፤ በሚቀጥለው ወር ደውለህ ንገረኝ።