ከግዛት ምክር ቤት ወርዶ ከንቲባ የሆነው ሰው

የተከበራችሁ እንግዶች፣ በየአካባቢያችሁ ለምርጫ ለመወዳደር የተነሣችሁ ወጣቶች፣

ዛሬ ስለ ካልቪን ኩሊጅ ላወራችሁ ነው። አሜሪካን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በፊት የሄደበት መንገድ ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

ኩሊጅ የሕግ ትምህርት ቤት አልገባም። ማሳቹሴትስ በምትባል የአሜሪካ ግዛት፣ ኖርዝሃምፕተን በምትባል ከተማ፣ ጠበቆች ቢሮ እየሠራ ሕግ ተማረ። በ1898 መጨረሻ ለከተማዋ ምክር ቤት ተመረጠ። ደመወዝ የለውም። ቀጥሎ የከተማዋ የሕግ አማካሪ ሆነ። በ1905 ለትምህርት ቤት ቦርድ ተወዳድሮ ወደቀ። በሕዝብ ድምፅ የተሸነፈው ያኔ ብቻ ነው። ለፕሬዚዳንትነት የበቃ ሰው ለትምህርት ቤት ቦርድ አትሆንም መባሉ ሁሌም ያስቀኛል።

በዓመቱ ለግዛቱ ምክር ቤት ተመርጦ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ቦስተን ገባ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሁለት ዙር አገልግሎ ወደ ኖርዝሃምፕተን ተመለሰና ለከንቲባነት ተወዳደረ። ዛሬ ቢሆን «ምነው፣ ተባረረ እንዴ?» ይባል ነበር። በ1910 እና በ1911 ከተማዋን አስተዳደረ። የመምህራንን ደመወዝ ጨመረ፣ ከከተማዋ ዕዳ ከፊሉን ከፈለ፣ ግብርም በትንሹ ቀነሰ። ሦስቱን በአንድ ላይ ማድረግ እንዴት እንደሚከብድ በጀት የሠራ ሰው ያውቀዋል። በእኔ እምነት ፖለቲከኛ ያደረጉት እነዚያ ሁለት ዓመታት ናቸው።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው! በ1912 የግዛቱ ሴኔት፣ በ1914 የሴኔቱ ሊቀ መንበር፣ በ1916 ምክትል አገረ ገዥ፣ በ1919 አገረ ገዥ።

አገሩ ሁሉ ያወቀው በዚያው በ1919 መስከረም ነው። የቦስተን ፖሊሶች ደመወዛቸው ትንሽ፣ የሥራ ሰዓታቸው ረጅም፣ ጣቢያዎቻቸውም የተጎሳቆሉ ነበሩ። በማኅበር ሲደራጁ መሪዎቻቸው ታገዱ። ከ1,100 በላይ የሚሆኑት አድማ መቱ። ከተማዋ ተዘረፈች፣ ሰዎችም ሞቱ። ኩሊጅ መጀመሪያ ላይ እጁን ላለማስገባት ሞክሮ ነበር። በኋላ የግዛቱን ዘብ ጠራ። ለፖሊሶቹ ተከራክሮ ለጻፈለት ለሠራተኛ ማኅበራት መሪው ለሳሙኤል ጎምፐርስም በቴሌግራም፣ ማንም ቢሆን፣ የትም ሆነ መቼ፣ የሕዝብን ደኅንነት የሚነካ አድማ የመምታት መብት የለውም ሲል መለሰለት። ያ ቴሌግራም ስሙን ከዳር እስከ ዳር አደረሰው። በ1920 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

እኔ ግን ያን ቴሌግራም እንደ ሌላው ሰው አላደንቀውም። የመምህራንን ደመወዝ የጨመረው ከንቲባ፣ ነገሩ አድማ ላይ ሳይደርስ ፖሊሶቹን ሊያነጋግር ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ። አድማ የመቱት ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። በእነሱ ቦታ የተቀጠሩት ግን የተሻለ ደመወዝ ተከፈላቸው። ቴሌግራሙን የሚጠቅሱ ፖለቲከኞች ይህችኛዋን ሲያነሡ እምብዛም አልሰማም።

አመሰግናለሁ።