የተጎዳ ደም ቅዳ ጊዜ አይሰጥም

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ተማሪዎች፤

ደም ቅዳው የተበጠሰ ወይም የተደፈነ እግር፣ ጡንቻው ያለ ደም የሚቆየው ቢበዛ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ እግሩን የማትረፍ ዕድል በየሰዓቱ ይመነምናል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች የተጎዳ ደም ቅዳን አብዛኛውን ጊዜ ቋጥረው ይተዉት ነበር፤ ከቁስለኞቹም ግማሽ ያህሉ እግር ወይም እጅ ተቆረጠ። የስፌቱ ጥበብ ጠፍቶ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሲስ ካሬል እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ሽልማት ወስዶበታል። ቁስለኛው የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነበር። በኮሪያ ጦርነት ቶሎ ማድረስና መጠገን ሲለመድ ቁጥሩ ወደ 13 በመቶ ወረደ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ዛሬም የሚያዘናጋን ጉዳት አለ፤ የጉልበት ውልቃት። መገጣጠሚያው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ እግሩ ይሞቃል፣ ሁላችንም እፎይ እንላለን። ከጉልበት ጀርባ ያለው ደም ቅዳ ግን ውስጠኛ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ከሆነ ከሰዓታት በኋላ በረጋ ደም ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ ትርታውን ደጋግማችሁ ዳስሱ። የቁርጭምጭሚቱን የደም ግፊት ለክንዱ አካፍሉት፤ ከ0.9 በታች ከሆነ ሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ማለትም የደም ሥሮች ምስል፣ ይነሳ። ደሙ እየተፈናጠቀ ወይም እብጠቱ እያደገ ከሆነ ግን ምስል አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውሰዱት።

በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በስቴንት ግራፍት፣ ማለትም ደም ቅዳውን ከውስጥ በሚደግፍ በጨርቅ የተሸፈነ የብረት መረብ፣ መጠገን ትልቅ በረከት ነው። በመኪና ግጭት የተቀደደ የደረት አኦርታን፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ ለመስፋት ደረት መክፈትና አኦርታውን መቆንጠጥ ግድ ነበር፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ ከሞት ተርፎ ሽባ ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ለአብዛኞቹ ይህ ቀርቷል። ከአንገት አጥንት በታች ላለው ደም ቅዳም እንዲሁ መልካም አማራጭ ነው። ለጉልበት ጀርባ ግን፣ መገጣጠሚያው ስለሚታጠፍ፣ እኔ አሁንም ከጤነኛው እግር በተወሰደ ደም መልስ መተካትን እመርጣለሁ። ደምን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ቫልቮቹ ደሙን እንዳያግዱ ላይና ታቹን ገልብጣችሁ ስፉት። አጥንትም ተሰብሮ ከሆነ፣ አጥንቱ እስኪጠገን ደሙ በጊዜያዊ ቱቦ ይለፍ።

ደሙ ሲመለስ ጡንቻው ያብጣል። ትርታው እያለም ጡንቻው በሽፋኑ ውስጥ ታፍኖ ሊሞት ይችላል። ነርሶች፣ ይህን ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። የእግር ጣቱን ቀና ስታደርጉለት የሚጮህ ሕመምተኛ ካለ፣ ማስታገሻ ብቻ ጨምራችሁ አታሳድሩት። ሽፋኑ በጊዜ እንዲከፈት ቀዶ ሐኪሙን በሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱት።

አመሰግናለሁ።