ደገኛ ዛፍ ቆላ ሲወርድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ዛፎቼ ላወራችሁ ነው።

ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ ቴክሳስ ከመጣን ዓመት ሞላን። የምንኖረው ጋርላንድ ነው፣ ዳላስ አጠገብ። ባለቤቴ እዚህ ሥራ አገኘች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ቀየሩ፣ ሶፋው ተሸጠ፣ ሁሉም ነገር በሦስት ሳምንት አለቀ። እኔን እንቅልፍ የነሱኝ በረንዳ ላይ የነበሩት 23 ቦንሳዮች ናቸው።

ቦንሳይ ለማታውቁ፣ ጃፓኖች ከቻይና ወስደው ያዳበሩት ጥበብ ነው። ዛፍን በጠፍጣፋ ሸክላ ውስጥ፣ ስሩንና ቅርንጫፉን እየከረከሙ፣ በሽቦ እያቀኑ፣ ትንሽ አድርጎ ማኖር። ዘሩ ድንክ አይደለም። ያው የምናውቀው ዛፍ ነው፣ መሬት ላይ ብትተክሉት ከቤት በላይ ይሆናል። እናቴ ከደብረ ብርሃን በቪዲዮ አይታው፣ "ልጄ፣ ለምን እንዲያድግ አትተወውም?" አለችኝ። "እማዬ፣ ያድጋል እኮ። በየዓመቱ ያድጋል፣ በየዓመቱ አስተካክለዋለሁ" አልኳት። ዝም ብላ አየችውና፣ "እንግዲያው እንደ ልጅ ነዋ" አለች።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል አርቦሬተም በሚባለው የዛፎች መናፈሻ ውስጥ ያለው የቦንሳይ ሙዚየም ነው። በፈረንጆቹ 1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ጃፓን 53 ቦንሳዮች ሰጠቻት። ከእነሱ አንዱ ነጭ ፓይን የሚባል መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ ነው። ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲጠበቅ የኖረ ዛፍ። ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነበር። ተረፈ። የሰጠው ቤተሰብ ግን ይህን ሳይናገር ነው የሰጠው። የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆች ሊያዩት ሲመጡ ነው። እኔ ያንን ዛፍ ፊት ለፊቱ ቆሜ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ግንዱ እንደ ሽማግሌ ክንድ ነው።

ደግሞ እነዚያ ዛፎች ከጃፓን እንደመጡ ወዲያው ለሕዝብ አልታዩም። ሜሪላንድ ውስጥ ግሌን ዴል የሚባል ቦታ ዓመት ያህል ለብቻቸው ተለይተው ቆዩ። በሽታና ተባይ ይዘው እንዳይሆን ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር ተማርኩበት። እንግዳ ዛፍ ላይ አይቸኮልም።

ሰው ሁሉ፣ "ሞቃት አገር ከሄድክማ ዛፎቹ ደስ ይላቸዋል" ይለኝ ነበር። እኔም ለጥቂት ቀን አምኜ ነበር። ያነቃችኝ እናቴ ናት። ስለ ዛፍ እያወራን እንኳ አልነበረም። የጎረቤት ልጅ ለሥራ መተማ ሄዶ ታሞ እንደተመለሰ እየነገረችኝ፣ "ደገኛ አይደል፣ ቆላው በረታበት" አለች። ስልኩን ዘግቼ በረንዳ ወጣሁ። ዛፎቼን አንድ በአንድ አየኋቸው። ይኼ ደገኛ፣ ያ ወይና ደጋ፣ ያኛው ቆለኛ።

ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ቀኑ ፀሐይ ነው። ለደገኛ ዛፍ የሚከብደው ግን ሌሊቱ ነው። ዛፍ ቀን በብርሃን ምግቡን ይሠራል። ሌሊት ብርሃን የለም፣ ግን መተንፈሱን አያቆምም፣ ቀን ያጠራቀመውን ያወጣል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከሆነ በቁጠባ ያወጣል። ሌሊቱም ከሞቀ ያገኘውን ሁሉ ይጨርሰዋል። የዳላስ ሐምሌ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ እንኳ አይበርድም። በ2011 እዚህ 38 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ የሆነባቸው 71 ቀናት ነበሩ። ሌላው ዊንተር ነው። እነዚህ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው መተኛት አለባቸው። ብርዱ እንቅልፋቸው ነው። ሳይተኙ የነቁ ዛፎች በስፕሪንግ ቡቃያቸው ይዘበራረቃል፣ ዓመት በዓመት እየደከሙ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ሰባቱን ተውኳቸው። ላርቾቹን በሙሉ። ላርች የፓይን ዘመድ ነው፣ ግን በኖቬምበር መርፌ ቅጠሉ ወርቅ ይመስልና ይረግፋል። የብርድ አገር ልጅ ነው። የራሴን ነጭ ፓይንም ተውኩ። ትንሿን የሎሚ ዛፌንም ተውኳት፣ እሷ ግን ሙቀቱን ትወደው ነበር። የከለከላት ሕግ ነው። ቴክሳስ የሎሚና የብርቱካን ዛፍ ከሌላ ግዛት ይዞ መግባት አትፈቅድም፣ ለእርሻዋ ከበሽታ ስትጠነቀቅ። ሁሉንም የወሰዱልኝ ቦንሳይ ያስተማሩኝ አዛውንት ናቸው። መኪናቸው ላይ ስጭንላቸው ላርቹን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ስታየው ትለየዋለህ፣ አልነካውም" አሉኝ። መልስ መስጠት አልቻልኩም።

የቀሩትን 16 ራሴ ነዳኋቸው። ዕቃ የሚያጓጉዙ ድርጅቶች አብዛኞቹ ተክል አይጭኑም። ቫን ተከራየሁ። ጊዜውን ፌብሩዋሪ መጨረሻ አደረግሁት፣ ዛፎቹ ገና እንደተኙ። እያንዳንዱን ሸክላ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ክፍተቱን በብርድ ልብስና በአሮጌ ፎጣ ጠቀጠቅሁት። አፈሩ እንዳይደፋ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ አሰርኩ። ከዚያ ሁለት ቀን፣ 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቨርጂኒያ፣ ቴነሲ፣ አርካንሶ። ማሞቂያውን አንዴም አልከፈትኩም። መኪናው ከሞቀ ዛፉ ስፕሪንግ የደረሰ ይመስለውና ይነቃላ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዤ ነዳሁ። ቴነሲ ተራሮች ላይ መስኮቱ ጉም ያዘ፣ እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ጠዋት ታክሲ የምጠብቅ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሰመር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስለቅሶኛል። ጠዋት ውሃ አጠጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደርቆ አገኘዋለሁ። በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ። የቧንቧው ውሃ ደግሞ ኖራማ ስለሆነ አዛሊያ የሚባለው የአበባ ቁጥቋጦዬ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ቀረ። በርሜል ገዝቼ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ጀመርኩ። ከላይ የጥላ መረብ ዘረጋሁ።

በጣም የሳሳሁለት የጃፓን ሜፕሌ ነው። እርሳስ ያህል ቀጭን ሆኖ ነው የገዛሁት፣ አሁን 11 ዓመት ሆነው። የበኩር ልጄ እኩያ ነው። ጁን ላይ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ፣ እንደ ወረቀት ደርቆ ይሰባበር ጀመር። ጥላ ውስጥ አስገባሁት፣ ተረጋጋ መሰለኝ። ባለፈው ወር ሸክላውን ለመቀየር ሳወጣው ነው ነገሩ የገባኝ። አፈሩን በቀርከሃ እንጨት ቀስ ብዬ አራገፍኩ። በምሥራቅ በኩል ያለው ስር ነጭ ነው፣ ጫፉ ለስላሳ፣ ሕይወት ያለው። በምዕራብ በኩል ያለው ጠቁሯል። በጣቴ ሳሻሸው ልጡ ተላጠ፣ ውስጡ እንደ ክር ቀረ። የሳሳሁለት ዛፍ ግማሹ ተቀቅሏል። የከሰዓቱ ፀሐይ ሲመታው የኖረው ያን ጎን ነው። ቅጠሉን ስጠብቅ ሸክላውን ረሳሁት። ጥቁር ሸክላ ነበር፣ ኦገስት ላይ እጄን አስደግፌበት ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ በገባኝ። አሁን በየቀኑ ከሰዓት ሸክላዎቹን በመዳፌ እዳስሳለሁ። እጄ ካልቻለው ስሩም አይችለውም።

ደግሞ እዚህ የደመቁም አሉ። የሮማኗ ዛፍ አበበች። የወይራው ነገር ግን ልዩ ነው። ሜሪላንድ ሳለን ዊንተር ላይ ቤት ውስጥ እየገባ ይጠወልግ ነበር። እዚህ ፀሐዩን እንደ ቆላ ሰው ተቀበለው። ከርክሜ የጣልኩትን ቅርንጫፍ ሳደርቅ እናቴ በቪዲዮ አይታ፣ "እስኪ አጢሰው" አለችኝ። ብርጭቆ አጠንኩበት፣ ወተት ቀዳሁበት። የእኛ ወይራ ጋር ዘመድ ነው፣ ሽታው ትንሽ ለስለስ ይላል። ልጆቹ ጠጡት።

የዚህ አገር የቦንሳይ ሰዎች ደግሞ ሲዳር ኤልም ያሳድጋሉ። የቴክሳስ የራሱ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ትንሽ፣ ቅርፊቱ ሻካራ፣ ሙቀቱንም ደረቅ አፈሩንም ይችላል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? ሁለት ገዛሁ። ለስድስት ወር ያህል ግን ልቤ እንቢ ብሎኝ ነበር፣ የተውኳቸውን መተካት መሰለኝ።

ሞቃት አገር ሲባል ደግሞ ብርድ የለም ማለት አይደለም። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ዳላስ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ወርዶ ነበር፣ ጎረቤቶቼ እስካሁን ያወሩታል። ባለፈው ዲሴምበርም በፈረንጅ ገና ሰሞን ድንገት ውርጭ መጣ። የዋርካ ዘመድ የሆኑትን ሁለቱን ፋይከሶች ማዕድ ቤት አስገባሁ፣ የቀሩትን መሬት ላይ አውርጄ በገለባ ቀበርኳቸው።

ሜፕሉን የሞተውን ስር ቆርጬ፣ ቀለሙ ነጣ ባለ ሸክላ ተክዬ፣ በቤቱ ምሥራቅ በኩል አስቀመጥኩት። የጠዋት ፀሐይ ብቻ ያገኛል። ሰኞ ዕለት የመጀመሪያውን ቅጠል አወጣ፣ እስከ ዛሬ ማታ ሦስት ደርሰዋል። ሦስቱም በምሥራቅ በኩል ናቸው። የምዕራቡ ትልቁ ቅርንጫፍ ባዶውን ነው። በጥፍሬ ትንሽ ፋቅ አድርጌ አየሁት፣ ከልጡ ስር አረንጓዴ ያለ ይመስላል፣ በመብራት ስለሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ነገ ጠዋት በፀሐይ አየዋለሁ። እስከ ሜይ መቀስ አላስጠጋበትም።